ብረት በቀጭኑ ሲጮህ

በቦንጋና በዙሪያዋ፣ እንጨት ውስጥ የተደበቀ ብረትን በድምፁ ብቻ ለይቶ «ይህ ምስማር ነው፣ ይህ ጥይት ነው፣ ይህ የአጥር ሽቦ ነው» የሚል ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። ከእኔ በኋላም የሚመጣ አይመስለኝም። ጉራ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። ሲሠሩ ያላየኋቸው ሰዎች የሚሉትን አልሰማም።

የምሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ተዘግቶ የጡረታ ወረቀቴን በተቀበልኩ ሰሞን አንድ ወጣት መሐንዲስ አዲስ ዓይነት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ቤቴ መጣ። ለመንገድ ሥራ ያመጡት ነው። መሣሪያው ያገኘውን ሁሉ በስክሪን ላይ በቀለም ያሳያል እንጂ አይጮህም። «ከእንግዲህ ጆሮ አያስፈልግም፣ ጋሼ» አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ። እንግዳ ነውና ሻይ አስመጥቼለት፣ ስለ ሌላ ነገር ተጫውተን ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ስለ ጆሮ ያየሁትን ቢያይ ኖሮ እንደዚያ አይስቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለመሰሉ ነው።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የተበላሸ ሬዲዮ ነው። ሺሺንዳ ገበያ ውስጥ ሸራ ወጥሬ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን፣ የተቃጠለውን ዕቃ በሽታው፣ የላላውን ሽቦ በሚያሰማው ጭርጭርታ እለይ ነበር። ማንም አላሳየኝም። ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ሲነዝረኝ ተማርኩ። ገበያተኛው «ተክሌ ሬዲዮ» ይለኝ ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ቆይቶ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ጀነሬተር ቆመ። ከጅማ የመጡ መካኒኮች ፈታተው፣ ዕቃ ይቀየር ብለው ሄዱ። እኔ ስጠራ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ዕቃው ደኅና ነበር፤ ሽቦዋ ናት የበሰበሰችው። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ፣ ሥራ በቆመ ቁጥር ቢሮውን ዘግቶ የሚጸልይ ሽማግሌ፣ እዚያው በቆምኩበት ቀጠረኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን ልተወው። ከሽማግሌው በኋላ ደግሞ ግንድና ጣውላ የማይለይ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚያናግር አለቃ መጣ። መሰንጠቂያው ወደ ግል ሲዛወር ምትኩ ተሾመ። ምትኩ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ፈጣን፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚመልስ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ነገርን ግን በሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያየው፦ ወይ ይሠራል፣ ወይ አይሠራም።

የመሰንጠቂያው ጌታ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ጋሽ ወልዴ የማንኪራ ሰው ናቸው። ትልቁን ክብ መጋዝ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ ስቀጠር እሳቸው እዚያ ሥራ ላይ አርጅተዋል። ግንድ ከመኪና ሲወርድ ወዲያው አይነኩትም። መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያውን ይዞሩታል። ልጡ ያበጠበት፣ የተጣመመበት ቦታ ሲያገኙ በገጀራ ላጥ ያደርጉታል። ከዚያ የግንዱ ጫፍ ላይ ውኃ ይረጫሉ። ብረት የዋጠ እንጨት ሲረጥብ፣ ቀለም የፈሰሰበት ይመስል፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ መስመር ያወጣል። ያንን መስመር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በመጥረቢያው ጀርባ መታ እያደረጉ ጉንጫቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ።

«በምንዎ ነው የሚሰሙት ጋሽ ወልዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«በጥርሴ» አሉኝና ሳቁ። የቀሯቸው ጥርሶች ጥቂት ነበሩ።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። መጋዙ ሲዞር ከስለቱ ትይዩ አይቆሙም፣ ማንንም አያስቆሙም። ምትኩ ራሱ አንድ ቀን ጎብኚ ይዞ መጥቶ እዚያ መስመር ላይ ቢቆም በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ጮኹበት። ምን እንዳሉት ጎብኚው አልገባውም፤ ምትኩ ግን ገብቶት ጆሮው ቀላ።

ለዓይንና ለጉንጭ የማይገኝ ብረት ግን አለ። በእኛ አገር ሰው ዋንዛ ላይ የማይሰቅለው፣ የማያስረው የለም። የአጥር ሽቦ ይጠመጥምበታል፣ የስብሰባ ማስታወቂያ በምስማር ይመታበታል፣ አዳኝ ይተኩስበታል። ዛፉ ዝም ብሎ ያድጋል፤ ብረቱን ይውጥና ልጥ ያለብሰዋል። ከዓመታት በኋላ መኖሩን ባለቤቱም ይረሳል። መጋዙ ሲደርስበት ነው የሚታወቀው። የመጋዝ ጥርስ ተነቅሎ የቆርቆሮ ጣራ በስቶ ሲወጣ ካየ በኋላ፣ ምትኩ ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ የብረት መፈለጊያ ገዝቶ መጣ።

ረዥም ዘንግ አለው፤ ጫፉ ላይ ሰሐን የመሰለ ክብ፣ እጀታው አጠገብ ትንሽ መስኮትና ቁልፎች። መመሪያው በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ምትኩ ከቦንጋ አንድ የፊዚክስ መምህር አስመጣ። መምህሩ ቢሮ ውስጥ መሣሪያውን ሲያበራው ከወንበሩ፣ ከጠረጴዛው፣ ከራሱ ቀበቶ ሳይቀር ይጮህበታል። ተናዶ ሄደ። እኔ ጀነሬተር ቤት ይዤው ገባሁ።

ምስማር፣ የጥይት ቀለህና እርሳስ፣ ሽቦ፣ ሳንቲም፣ የሻይ ማንኪያ፣ የተሰበረ ማጭድ ሰበሰብኩ። አንድ በአንድ በሰሐኑ ፊት እያሳለፍኩ ቁልፎቹን ስነካካ ሰነበትኩ። መሣሪያው ሲገዛ ሁሉንም ዓይነት ብረት በአንድ ድምፅ ነበር የሚጠራው። ውስጡ ገብቼ ሳየው ግን ለእያንዳንዱ ወገን የራሱን ድምፅ መስጠት ይቻላል፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ እንደ መሰላል ደረጃ ደረጃ አለው። ከበስተጀርባ ሳትቋረጥ የምትሰማ እምምታ አለች፤ እሷን ለጆሮ እስክትበቃ ብቻ ዝቅ አደረግኳት። ግንዱ በዝናብ ሲርስ በሐሰት እንዳይጮህ ብርታቱን ቀነስኩለት። ጥልቅ ያለው በደካማው፣ ላይ ላይ ያለው በብርቱው እንዲሰማ ተውኩት፤ የተቀበረበትን ጥልቀት የማውቀው በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ዛሬም ስናገር ደረቴ ይነፋል። መሣሪያው የተሠራው ሳንቲምና ወርቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ለእነሱ ብረት ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ድምፆቹን ለይቶ ባሰናዳበት ገጽ ላይ ለብረት ወፍራም ማጉረምረም፣ ለብርና ለመዳብ ደግሞ ቀጭን የሚያምር ድምፅ ሰጥቷል። ለእኛ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የጥይት መዳብና እርሳስ ለስላሳ ነው፤ መጋዙ ያልፈዋል፣ ቢበዛ ይደንዛል። ሰው የሚገድለው ብረት ነው። ስለዚህ ገለበጥኩት። ለስላሳውን ወደ ወፍራሙ አወረድኩት፤ ብረትን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ መጨረሻው ደረጃ ሰቀልኩት። እንደ መርፌ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ሆነ።

«ፋብሪካው ያስቀመጠውን ለምን ትነካለህ?» አለኝ ምትኩ።

«ፋብሪካው ዋንዛ ሰንጥቆ ያውቃል ወይ?» አልኩት።

ግንድ የሚያንከባልለው አድማሱ፣ ቀልደኛ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ሲሰማው ጆሮውን ይዞ ተቀመጠ። «ጋሽ ተክሌ፣ ይሄ የብረት ድምፅ አይደለም፣ የአማቴ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ወልዴም አብረው ሳቁ። ያን ሳቅ በኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

በአዲሱ አሠራር እኔ መሣሪያውን በግንዱ ላይ አሳልፋለሁ፣ ጋሽ ወልዴ ጠመኔ ይዘው ይከተሉኛል። የቆምኩበት ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ አድማሱ ቆፍሮ ያወጣል። ምስማር ነው ካልኩ ምስማር ነው። እርሳስ ነው ካልኩ እርሳስ ነው። ከቢታ ገነት፣ ከሺሺንዳ እንጨት የሚያመጡ ነጋዴዎች ቆመው ያዩኝ ነበር። ለዓመታት መጋዛችን አንድም ጥርስ አልጣለም። ጋሽ ወልዴ መሣሪያውን መያዝ ከእኔ ተማሩ፤ እኔ አልፎ አልፎ ስቀር ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸው ይፈትሻሉ። «ያጉረመርማል፣ እሰማዋለሁ» ይሉኝ ነበር። ልክ ነው፣ ጥይትና እርሳስ ሲያገኙ ያጉረመርምላቸዋል። ስለዚህ እሳቸውም እኔም ምንም አልጠረጠርንም።

አንድ ጊዜ ቢታ ገነት ሄድኩ። የመሰንጠቂያው ደንበኛ የሆነ ሰው የቡና መፈልፈያ ሞተር ቆሞበት ነው። አድሬ ስመለስ በሩ ላይ ያገኘሁት አድማሱን ነው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሽ ተክሌ፣ ማሽንህ ጨረሰን!»

«ምን ሆነ?»

«ጋሽ ወልዴ...» ብሎ እጁን አነሳ። የራሱን እጅ። ሊነግረኝ የፈለገውን ከዚያ ተረዳሁ። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማንኪራ በኩል የመጣ ትልቅ ዋንዛ ነበር። አንድ ገበሬ በቁሙ የበር መቃን አድርጎት፣ መዝጊያውን በማጠፊያ ሰቅሎበት ኖሯል። በሩ ረግፎ ጠፍቷል። ማጠፊያውን፣ የእጅ ስፋት ያለውን ወፍራም ብረት፣ ዛፉ ውጦታል። ጋሽ ወልዴ ማዳመጫውን አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሹ፤ «ንጹሕ ነው» አሉ፤ አስገቡት። መጋዙ ማጠፊያው ላይ ሲደርስ ግንዱ ወደ ኋላ ዘሎ የጋሽ ወልዴን ቀኝ እጅ ግንዱን ወደ መጋዙ ከሚገፋው ጋሪ ብረት ጋር አጣበቀው። የተነቀለው የመጋዝ ጥርስ ከስለቱ ትይዩ ባለው ምሰሶ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። በዚያ መስመር ላይ ማንም አልቆመም ነበር። እሳቸው ናቸው ያንን ያስለመዱን።

ቦንጋ ሆስፒታል ስገባ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ጣት ተቆርጧል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አጠገባቸው ቆማለች፤ ሰላምታዬን አልመለሰችም።

«ተክሌ፣ መሣሪያህ ዝም አለ» አሉኝ።

«አይልም ጋሽ ወልዴ።»

«ዝም አለ እኮ ነው የምልህ!»

«እንዲህ ያለ ትልቅ ብረት ላይ? የሞተ ሰው ይቀሰቅሳል እንጂ ዝም አይልም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እንግዲያው ሳልፈትሽ አስገባሁት ማለትህ ነው። ወይ ሰምቼ ዝም አልኩ። የቱ ነኝ?»

 እትዬ አስካለ «በቃ ውጣ» አለችኝ። ወጣሁ።

ምትኩ ቢሮው ጠርቶ ነገሩን እንደ ልማዱ በሁለት ከፈለው። «ወይ ማሽኑ ነው፣ ወይ ሰውየው። ማሽኑ ከሆነ ድምፁን የገለበጥክ አንተ ነህ፣ ትሄዳለህ። ሰውየው ከሆነ በቸልተኝነት ነው፤ ካሳ የለም፣ ይሰናበታል።» ሌላ ሦስተኛ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ አላሰበም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብኩም። በመሣሪያዬ እተማመናለሁ። ሰው ሁሉ ባለበት ይፈተን አልኩ። ጋሽ ወልዴም የፈለጉት ያንኑ ነው። «በሰው ፊት ዝም ይበልና ሁሉም ይይ» አሉ። ሁለታችንም እንደምናሸንፍ እርግጠኞች ነበርን፤ አንዳችን ሲያሸንፍ ሌላው ከእንጀራው እንደሚነሳ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጋሽ ወልዴ ከሆስፒታል ወጥተው እጃቸውን በአንገታቸው ባንጠለጠሉበት ቀን መጋዙ ቆመ፣ ጀነሬተሩ ጠፋ። ግቢው ጭር አለ። ሠራተኛው ሁሉ በግማሽ ክብ ቆሟል። ማጠፊያውን ከተሰነጠቀው ዋንዛ ውስጥ አውጥተን፣ መልሰን እዚያው አስገብተን ግንዱን ገጠምነው። ማዳመጫውን ነቀልኩት፤ ሁሉም ሰው እንዲሰማ። ጋሽ ወልዴ አጠገቤ፣ ክንድ ያህል ብቻ ርቀው ቆሙ።

ሰሐኑን ግንዱ ላይ አመጣሁት።

ጮኸ! እንዴት ያለ ጩኸት! የዘበኛው ውሻ ጅራቱን ቆልፎ ሮጠ። አድማሱ ሁለት ጆሮውን ያዘ። ምትኩ ፊቱን አጨማደደ። እኔ ልቤ ሞላ፤ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞርኩ። ይቅርታ ይጠይቁኛል፣ ወይ አንገታቸውን ይደፋሉ ብዬ።

ጋሽ ወልዴ ግንዱን እያዩ ዝም ብለው ቆመዋል። መሣሪያው ይጮሃል። እሳቸው ይጠብቃሉ። ኋላ ተሰላችተው ቀና አሉና፣

«ጀምር እንጂ ተክሌ! ምን ትጠብቃለህ? ሰው ሰብስበህ ታስቆማለህ?» አሉኝ።

 ከዚያ ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም።

«ጋሽ ወልዴ፣ አሁን ቀልድ አይደለም» አለ ምትኩ።

«ማን ቀለደ? አስጩኹትና ልስማ ነው ያልኩት!»

በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። በዚያች ቅጽበት ያየሁትን ግን አላየሁም።  ሰውየው አይዋሹም፣ አይቀልዱም፤ ፊታቸው የሕፃን ፊት ነው። የሚጮኸው ነገር ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነው፤ ለእሳቸው ግን የለም።

ሰሐኑን እዚያው እንዳደረግኩ ቁልፉን ተጫንኩ። ድምፁን አንድ ደረጃ አወረድኩት። ጋሽ ወልዴ ዝም። ሌላ ደረጃ። ዝም። ከመርፌነት ወደ ፉጨት፣ ከፉጨት ወደ ዋሽንት ወረደ። ሰዉ ሁሉ የሚያየው መሣሪያውን አይደለም፣ ፊታቸውን ነው። ደግሞ አወረድኩት። ደግሞ። ድንገት ቅንድባቸው ተነሳ።

«ቆይ! ቆይ... ይኸው! ይኸው መጣ!» አሉ። ደኅናውን እጃቸውን ወደ ሠራተኛው ዘረጉ። «ሰማችሁ? አላልኩም? ገና አሁን እኮ ነው የጮኸው! እስካሁን ዝም ብሎ ነበር!»

ያሸነፉ መስሏቸዋል። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?   የተናገረው አድማሱ ነው፣ ያ ቀልደኛ፣ ቀስ ብሎ፦

«ጋሽ ወልዴ... ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲጮህ ነበር።»

ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ምትኩ ዞሩ። ምትኩ መሬት መሬት አየ። ያንን ከሦስታችን ካነበቡ በኋላ የተዘረጋው እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

በኋላ ቤቴ ገብቼ የቆየ መጽሐፍ ሳገላብጥ የተረዳሁት ነገር አለ። መጋዝ ጆሮን የሚበላው ከላይ ነው፣ ከቀጭኑ ድምፅ ይጀምራል። ወፍራሙን ይተውለታል። ስለዚህ ሰውየው ይሰማል፤ ስትጠራው ዞር ይላል፣ ስትቀልድ ይስቃል፣ የሞተሩን ሕመም ያውቃል። የጎደለበትን ራሱም አያውቀውም። እኔም ለሰው ሁሉ ይሰማ ብዬ የሰቀልኩት ደረጃ፣ መጋዝ አጠገብ ያረጀ ሰው ጆሮ የማይደርስበት ደረጃ ነበር። አሳቤ ትክክል ነበር፤ ብረት ከሁሉ ጎልቶ መጮህ አለበት። የለካሁት ግን በጆሮዬ ነው፣ ለሚሰማው ሰው ጆሮ አልለካሁትም።

ምትኩ ግን በዚያው በግቢው ውስጥ ፈጥኖ ፈረደ። «እሺ፤ ቸልተኝነት አይደለም። ማሽኑም አይደለም። ግን የማይሰማ ሰው መጋዝ ላይ አላቆምም። ይሰናበታል።»

«ያለ ካሳ?» አልኩት።

«ደንቆሮ ሆኖ ሳይናገር ነው የሠራው።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ሁሉንም ፈትን! እሳቸውን ብቻ አይደለም!» አልኩ። ምትኩ እስኪመልስ አልጠበቅኩም። ሠራተኛውን ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሬ አሰለፍኩ፤ የሰማ እጁን ያንሳ አልኩ። ድምፁን መልሼ ወደ መጨረሻው ደረጃ ሰቀልኩና ሰሐኑን ግንዱ ላይ አደረግኩት።

አድማሱ እጁን አነሳ። ዘበኛው አነሳ። ጓሮ ጣውላ የሚደረድሩት ሴቶች አነሱ። መጋዙ አጠገብ ለረዥም ጊዜ የሠሩት፣ የጋሪው ገፊ፣ መጋዙን በሞረድ የሚስለው፣ በጋሽ ወልዴ ቦታ ለመተካት የታሰበው ሰው ሳይቀር፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው፣ ይጠብቃሉ። አንዱ ጭራሽ ዞሮ «ጀመርክ እንዴ?» አለኝ።

ምትኩ ከቆመበት ሄዶ ግንድ ላይ ተቀመጠ። «ሁሉም?» አለ። ያየውን አይቷል። ያ ሁሉን በሁለት የሚከፍል ሰው አሁን የሚከፍለው አጣ። «እነዚህን ሁሉ አሰናብቼ ማን ሊሠራልኝ ነው?» አለ፣ ለራሱ ይመስል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጋሽ ወልዴ ሄደና አጠገባቸው ቆመ። «ይቅርታ ጋሽ ወልዴ» አለ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ እንዲሰሙት።

የካሳውን ወረቀት በዚያው ሳምንት ፈረመ። ለመጋዝ ሠራተኞች የጆሮ መከለያ ከጅማ አስመጣ። እኔም ቁጭ ብዬ ድምፆቹን እንደገና ሠራኋቸው። ብረትን ወደ ወፍራሙ አወረድኩት፤ ከጥይትና ከእርሳሱ እንዲለይ ደግሞ ቆረጥ ቆረጥ እያለ እንዲያጉረመርም አደረግኩት። ከማንም በፊት በጋሽ ወልዴ ጆሮ ላይ ሞከርኩት። «ከፍ፣ ዝቅ፣ እዚህ ጋ ተው» እያሉ ራሳቸው መረጡ። አድማሱ «አሁን ደግሞ የአማቴ ባል ሆነ» አለ። ጋሽ ወልዴ እጃቸው ሲድን ወደ መጋዙ አልተመለሱም፤ ምትኩ የግንድ ፍተሻውን ለእሳቸው ሰጣቸው። በሦስት ጣት ዘንጉን ይይዛሉ፤ በግራ እጃቸው ጠመኔ። እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ አንድም ብረት አላለፋቸውም፤ ሥራውን ያስተማርኳቸው እኔ መሆኔን ማንም አይክደውም።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ብቻችንን ግንድ ስንፈትሽ፣ መሣሪያውን እንደ ያዙ ቆም አሉ።

«ተክሌ፣ ያ ያልሰማሁት ድምፅ ምን ይመስላል?»

«ቀጭን ነው።»

«ቀጭንማ ትላላችሁ ሁላችሁ። ምን ይመስላል?»

አሰብኩ። በምን ልመስልላቸው? «ፌንጣ ይመስላል» አልኩ። «ማታ ማታ ጫካው ውስጥ የሚጮሁትን።»

«እነሱማ አለቁ እኮ» አሉኝ።

«ምኖቹ?»

«ፌንጣዎቹ ናቸዋ! ልጅ ሳለሁ ማንኪራ በጩኸታቸው ሰው አይደማመጥም ነበር። አሁን በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ ጫካው ጭር ብሏል። ከጨለማ በቀር ምንም የለም። ትልልቁን ዛፍ ስንጥል አብረው አለቁ። እኔ ነኝ የጨረስኳቸው። የንስሐ አባቴን እንኳ ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

«ሳቁብኝ።» ጠመኔውን በጣቶቻቸው መካከል አሽከረከሩት። «አዝኜባቸው ነበር።»

ሰውየው በመጋዛቸው ጫካውን ያዳፈኑት መስሏቸው፣ ለስንት ዘመን በየምሽቱ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል።  ግን መንገር ነበረብኝ።

«ጋሽ ወልዴ፣ አላለቁም። ባለፈው እሁድ ቤትዎ ባመሸሁ ጊዜ ሲጮሁ ነበር። እትዬ አስካለ ስታወራኝ ልሰማት አልቻልኩም፤ ወደ ውስጥ እንግባ ያልኩት እኮ ለዚያ ነው።»

«የብርድ መስሎኝ።»

«ለጩኸታቸው ነው።»

ፊቴን ፈተሹት። ግንድ ሲፈትሹ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ፣ የተደበቀ ነገር ይኖርብኝ እንደሆነ።

«አሉ?»

«አሉ።»

«ብዙ?»

«ብዙ ናቸው ጋሽ ወልዴ። ጫካውን ሞልተውታል።»

ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ወደ ማንኪራ በኩል ወዳለው ጫካ ፊታቸውን አዙረው ቆዩ። መሣሪያውን ሲያስቀምጡት ሰሐኑ ምስማር ያለበት ቦታ ላይ ዐርፎ ኖሮ ማጉረምረም ጀመረ፤ ዝቅ ብሎ፣ ቆረጥ ቆረጥ እያለ። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው» አሉኝ ሳይዞሩ። «ይጩህ።»